በቤት ራውተር ላይ ኦፕንደብሊውአርቲን መጫን፦ ደረጃ በደረጃ

ብዙ የቤት ራውተሮች ዕቃቸው ደህና እያለ አምራቹ ፈርምዌራቸውን ማደስ ያቆማል። የደህንነት ክፍተቶቹ ሳይደፈኑ ይቀራሉ፤ መስመሩ ሲጨናነቅም የሚነካ ቅንብር አይኖራቸውም። ኦፕንደብሊውአርቲ ለሁለቱም መፍትሔ አለው። በሊኑክስ ላይ የተሠራ፣ ነፃና ክፍት ምንጭ የሆነ ፈርምዌር ነው፤ ሥራው በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሊንክሲስ ለደብሊውአርቲ54ጂ ራውተሩ ይፋ ካደረገው ኮድ ተነሥቶ ነው።

እዚህ የምንሠራው ባምቢስና ካዛንቺስ አካባቢ ላለ ቤት ነው፦ ኢንተርኔቱ ከኢትዮ ቴሌኮም የፋይበር ሞደም የሚመጣ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ ያለው። ምሳሌያችን ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ7 ስሪት 5 ነው። የእርስዎ ራውተር ሌላ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ ፋይሉና የአዝራሮቹ ስም ግን ይለያያሉ።

አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ። ኢትዮ ቴሌኮም ያስገባልዎትን የፋይበር ሞደም (ዜድቲኢም ይሁን ሁዋዌ) አይንኩት። መስመርዎ የተመዘገበው በእሱ ነው። ፈርምዌር የምንቀይረው ራስዎ ገዝተው ከኋላው በሚሰኩት ራውተር ላይ ብቻ ነው።

የሚያስፈልግዎ፦ ራውተሩና የራሱ አዳፕተር፣ ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ፣ አንድ የኔትወርክ ኬብል፣ አግራፍ (ለሪሴት ቀዳዳው)፣ ዩፒኤስ።

ደረጃ 1፦ ራውተሩን ገልብጠው ተለጣፊውን ያንብቡ። ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን "ቨር" ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ጭምር ይጻፉ። ስሪት 2 እና ስሪት 5 በስም አንድ ናቸው፤ ፋይላቸው ግን የተለያየ ነው። ካርቶኑን አይመኑ፤ ተለጣፊውን ይመኑ።

ደረጃ 2፦ የኦፕንደብሊውአርቲን የመሣሪያዎች ሠንጠረዥ ከፍተው ሞዴልዎን ከነስሪቱ ይፈልጉ። የፍላሽና የራም መጠኑን ይመልከቱ። 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ካለው እዚህ ላይ ያቁሙ፤ የአሁኖቹ ስሪቶች አይገቡበትም። በየቤቱ የሚታየው ቲኤል-ደብሊውአር841ኤን ብዙዎቹ ስሪቶቹ እንዲህ ናቸው። 8 እና 64 ያለው እየተንፏቀቀ ይሠራል። ለዚሁ ሥራ ብለው የሚገዙ ከሆነ ከ16 ሜጋባይት ፍላሽና ከ128 ሜጋባይት ራም በታች አይግዙ። አርቸር ሲ7 ይህን ያሟላል።

ደረጃ 3፦ "ፋክተሪ" የሚል ስም ያለውን ፋይል ያውርዱ። ከአምራቹ ፈርምዌር ወደ ኦፕንደብሊውአርቲ የሚያሻግረው እሱ ነው። ጎኑ ያለው "ሲስአፕግሬድ" ለኋላ ነው፤ አሁን አይጠቀሙበት።

ደረጃ 4፦ ከቲፒ-ሊንክ ድረ ገጽ የራውተሩን የመጀመሪያ ፈርምዌርም ያውርዱ። ነገር ከተበላሸ የሚመለሱት በእሱ ነው፤ ያኔ ደግሞ ኢንተርኔት ላይኖርዎት ይችላል።

ደረጃ 5፦ ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን ያረጋግጡ። መስመር እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። 7-ዚፕ ካለዎት ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርገው ሻ-256ን ይምረጡ፤ የሚወጣውን ረጅም ቁጥር ከማውረጃው ገጽ ቁጥር ጋር ያስተያዩ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ይሰርዙትና እንደገና ያውርዱ።

ደረጃ 6፦ የፋይሉን ስም ያሳጥሩ። የቲፒ-ሊንክ ገጽ ረጅም ስም አልቀበልም የሚልበት ጊዜ አለ። መጨረሻው ላይ ያለውን ከነጥብ በኋላ የሚመጣ ቅጥያ ግን አይንኩ።

ደረጃ 7፦ የአሁኑን ቅንብር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። በተለይ የዋን ገጹን። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የተሞላበት ፒፒፒኦኢ ካለ ሳይጽፉ አይለፉ፤ ከጭነቱ በኋላ ይጠፋል።

ደረጃ 8፦ ከራውተሩ ላይ ኬብሎቹን ሁሉ ይንቀሉ። ከዚያ ላፕቶፑን ከላን 1 ጋር በኬብል ያገናኙ። ቀለሙ የተለየው ቀዳዳ ዋን ነው፤ እሱ ላይ አይሰኩ። የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ።

ደረጃ 9፦ ራውተሩን ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ። ከሥራው ሁሉ ይህን አጥብቄ አሳስባለሁ። ፈርምዌሩ እየተጻፈ መብራት ከጠፋ ራውተሩ ግማሽ አሮጌ፣ ግማሽ አዲስ ሆኖ ይቀርና አልነሣም ይላል። ዩፒኤስ ከሌለ ከጎረቤት ይዋሱ። ብልጭ ድርግም በሚልበት ቀን አይጀምሩ። ልል ማካፈያ ላይም አይሰኩት፤ እግር የነካው ማካፈያ መብራት ከመጥፋቱ አይተናነስም።

ደረጃ 10፦ በብሮውዘር 192.168.0.1 ላይ ይግቡ። "አድቫንስድ"፣ ከዚያ "ሲስተም ቱልስ"፣ ከዚያ "ፈርምዌር አፕግሬድ" ይክፈቱ። ስሙን ያሳጠሩትን ፋይል መርጠው "አፕግሬድ"ን ይጫኑ።

ደረጃ 11፦ እጅዎን ይሰብስቡ። አምፖሎቹ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ፣ ራውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። ገጹ ደርቆ ቢቀርም አይደንግጡ። 5 ደቂቃ ሙሉ ምንም አይንኩ።

ደረጃ 12፦ የላፕቶፑን ኬብል ነቅለው ይመልሱ፤ አዲስ አድራሻ እንዲቀበል ነው። አሁን 192.168.1.1 ብለው ይግቡ። የተጠቃሚው ስም ተሞልቶ ይጠብቅዎታል። የይለፍ ቃሉን ቦታ ባዶ ትተው ይግቡ። የኦፕንደብሊውአርቲ ገጽ፣ ሉሲ የሚባለው፣ ይከፈታል።

ደረጃ 13፦ ወዲያው የይለፍ ቃል ያውጡ። "ሲስተም"፣ ከዚያ "አድሚኒስትሬሽን"። ይህ ሳይሆን ኢንተርኔት አይሰኩ።

ደረጃ 14፦ የላን አድራሻውን ይቀይሩ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። የዜድቲኢ ፋይበር ሞደሞች አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ የኦፕንደብሊውአርቲም ያው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ይጋጫሉ፤ ዋይፋዩ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። "ኔትወርክ"፣ "ኢንተርፌስስ" ይግቡ፤ ላን ላይ "ኤዲት" ይበሉ፤ አድራሻውን 192.168.10.1 ያድርጉና "ሴቭ" ይጫኑ። ከዚያ ከ"ሴቭ ኤንድ አፕላይ" ጎን ያለችውን ቀስት ተጭነው "አፕላይ አንቼክድ" የሚለውን ይምረጡ። በተለመደው አዝራር ካጸደቁት ራውተሩ ላፕቶፑን በአሮጌው አድራሻ ይፈልጋል፤ ሲያጣው ከ90 ሰከንድ በኋላ ወደ ድሮው ይመለሳል። ኬብሉን ነቅለው ይሰኩና በ192.168.10.1 ይግቡ።

ደረጃ 15፦ ከፋይበር ሞደሙ የላን ቀዳዳ ወደ ራውተርዎ ዋን ኬብል ይዘርጉ። አድራሻ ራሱ ይቀበላል። ሞደሙ በብሪጅ የሚሠራ ከሆነ ብቻ ዋን ላይ ፒፒፒኦኢን መርጠው በደረጃ 7 ፎቶ ያነሡትን ይሙሉ።

ደረጃ 16፦ ዋይፋዩን ያብሩ። ኦፕንደብሊውአርቲ ሲጫን ዋይፋዩ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ተበላሸ ብለው አይስጉ። "ኔትወርክ"፣ "ዋየርለስ" ይግቡና "ኤዲት" ይበሉ። አገሩን ኢትዮጵያ፣ ጥበቃውን ቢያንስ ደብሊውፒኤ2 ያድርጉ፤ ስምና የይለፍ ቃል ይስጡትና "ኢኔብል" ይበሉ።

ደረጃ 17፦ ቻናል ይምረጡ። "ስካን" የሚለውን ሲጫኑ የጎረቤቶችዎ ዋይፋይ ከነቻናሉ ይዘረዘራል። ባምቢስ አካባቢ ባለ ፎቅ ቤት ውስጥ ዝርዝሩ ረጅም ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ሰው የቀነሰበትን ይውሰዱ፤ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ላይ ይተዉት። 3 ወይም 8 ባዶ መስሎ ቢታይዎትም አይውሰዱ፤ ከሁለት ወገን ይረበሻል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ ብሎኬት ግን ያዳክመዋል። ራውተሩ ላለበት ክፍል ይጠቀሙበት፤ ለሩቁ መኝታ ቤት 2.4 ይሻላል።

ደረጃ 18፦ ኤስኪውኤምን ይጫኑ። ይህን ሁሉ የደከሙለት ትልቁ ጥቅም እዚህ አለ። ከቤተሰቡ አንዱ ረጅም ቪዲዮ ወደ ቴሌግራም ሲልክ የሌላው ጥሪ የሚቆራረጠው ሞደሙ ውስጥ ወረፋ ስለሚከማች ነው፤ ትንሿ የጥሪ ፓኬት ከትልቁ ቪዲዮ ኋላ ቆማ ትጠብቃለች። ኤስኪውኤም ወረፋውን ወደ ራውተርዎ ያመጣና ለሁሉም ተራ ያከፋፍላል። "ሲስተም"፣ "ሶፍትዌር" ገብተው "አፕዴት ሊስትስ"ን ይጫኑ። በመፈለጊያው ኤስ፣ ኪው፣ ኤም የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፉ። ከሚመጡት "ሉሲ-አፕ" ብሎ የሚጀምረውን ይጫኑ።

ደረጃ 19፦ በኤስኪውኤም ገጽ ላይ ፍጥነቱን ይሙሉ። ማታ ሰው ሲተኛ ላፕቶፑን በኬብል አገናኝተው መስመሩን ይለኩ። ከለኩት 90 በመቶውን ይውሰዱ፤ መሙያው በኪሎቢት ነው። 10 ሜጋቢት ከለኩ 9000 ይጻፉ። መጫኛውንም ማውረጃውንም ለየብቻ ይሙሉ፣ ኢንተርፌሱን ዋን፣ የወረፋ ስልቱን ኬክ ያድርጉ። አሁንም ጥሪው ከተቆራረጠ ወደ 85 በመቶ ዝቅ ያድርጉት። መስመርዎ ከ100 ሜጋቢት በላይ ከሆነ ግን የአርቸር ሲ7 ፕሮሰሰር ላይችለው ይችላል።

ራውተሩ አልነሣ ካለስ? አይጣሉት። አብዛኛዎቹ ቲፒ-ሊንኮች ከሞት መመለሻ አላቸው። የላፕቶፑን አድራሻ በእጅ 192.168.0.66 ያድርጉ። የቲኤፍቲፒ ፕሮግራም ይክፈቱ፤ የዊንዶውስ ፋየርዎልን ለጊዜው ያጥፉ። በደረጃ 4 ያወረዱትን ፈርምዌር የሞዴልዎ ገጽ በሚያዝዘው ስም ሰይመው ፕሮግራሙ በሚያነበው ፎልደር ያስቀምጡ። የራውተሩን ሪሴት በአግራፉ እንደያዙ ኃይል ይስጡት፤ የደብሊውፒኤስ አምፖል ሲበራ ይልቀቁ። ፋይሉ መሳብ ሲጀምር ፕሮግራሙ ላይ ይታያል። ጨርሶ እስኪነሣ ይጠብቁ፤ የላፕቶፑን አድራሻ ወደ ቀድሞው መልሰው ከደረጃ 8 ይቀጥሉ።

ሲስተካከል "ሲስተም"፣ "ባክአፕ" ገብተው ቅንብሩን ላፕቶፕዎ ላይ ያስቀምጡ። አዲስ የኦፕንደብሊውአርቲ ስሪት ሲወጣ እዚያው ገጽ ላይ፣ በዚህ ጊዜ "ሲስአፕግሬድ" የሚለውን ፋይል ይጠቀሙ፤ ዩፒኤሱን ያኔም አይርሱ።