የስፓኒሽ ትምህርት፦ «ከከፈለችኝ» እና «ብትከፍለኝ»

እዚህ ሊባኖስ ከዐረብኛና ከፈረንሳይኛ ሌላ ስፓኒሽ የሚወራበት ቤት የገጠማችሁ ትኖራላችሁ። ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ሊባኖሳውያን ወደ አርጀንቲና፣ ሜክሲኮ፣ ኮሎምቢያና ቬኔዝዌላ ተሰደዋል፤ ልጆቻቸውን ይዘው የተመለሱም አሉ። እኔ የምሠራበት ቤት ያሉት ተይታ ያደጉት ቬኔዝዌላ ነው። ከማዳም ጋር ስለ እኔ ሲያወሩ በስፓኒሽ ስለሆነ፣ ቀስ እያልኩ ተማርኩት።

ዛሬ የምናየው በ«ራ» የሚያልቀውን ግሥ ነው። በእኛ ቋንቋ «ማዳም እንዳጸዳ ትፈልጋለች»፣ «ማዳም እንዳጸዳ ፈልጋ ነበር» እንላለን። «እንዳጸዳ» አልተለወጠም። በስፓኒሽ ግን የፊተኛው ግሥ ወደ ኃላፊ ሲሄድ የኋለኛውም ይከተለዋል፦

ኪዬሬ ኬ ዮ ሊምፒዬ፦ እንዳጸዳ ትፈልጋለች።
ኬሪያ ኬ ዮ ሊምፒያራ፦ እንዳጸዳ ፈልጋ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። «እነሱ አደረጉ» የሚለውን ኃላፊ ግሥ ውሰዱ፤ «ሮን»ን ጣሉና «ራ» ጨምሩ።

ሊምፒያሮን (አጸዱ)፦ ሊምፒያራ
ኮሚዬሮን (በሉ)፦ ኮሚዬራ
አብሪዬሮን (ከፈቱ)፦ አብሪዬራ

ለእኔ፣ ለእሱ፣ ለእሷና ለእርስዎ «ራ»፣ ለአንተና ለአንቺ «ራስ»፣ ለእኛ «ራሞስ»፣ ለእነሱና ለእናንተ «ራን» ነው። ሊምፒያራ ስትሉ ድምፁ የሚጠብቀው «ያ» ላይ ነው። «ራ» ላይ ከጠበቀ «ታጸዳለች» ማለት ይሆናል፤ ጆሯችሁን እዚህ ላይ ጣሉ። በ«ራ» ፈንታ «ሴ» (ሊምፒያሴ) ብትሰሙ ትርጉሙ ያው ነው።

አንድ ቀን ብረት ምጣድ ሳጥብ ተይታ ማዳምን እንዲህ ሲሏት ሰማሁ፦ «ቴ ፔዲ ኬ ላ ዴኻራስ ዴስካንሳር ሎስ ዶሚንጎስ»። «እሁድ እሁድ እንድታሳርፊያት ለምኜሽ ነበር» ማለት ነው። «ዴኻራስ» የሚለው ግሥ በ«ራስ» ስላለቀ «አንቺ» የተባለችው ማዳም መሆኗን፣ ልመናውም ከዚያ በፊት የቀረበ መሆኑን ለየሁ። ሰው እንደተሟገተልኝ ያወቅሁት በዚህች ፊደል ነው። ከዚያ በኋላ እኔም ደፍሬ እሁዴን ጠየቅሁ፤ ይኸው ከእናንተ ጋር እውላለሁ።

አሁን ወደ ደሞዝ እንምጣ። እነዚህን ሁለቱን ለዩ፦

ሲ ሜ ፓጋ፣ ማንዶ ዲኔሮ፦ ከከፈለችኝ ገንዘብ እልካለሁ።
ሲ ሜ ፓጋራ፣ ማንዳሪያ ዲኔሮ፦ ብትከፍለኝ ገንዘብ እልክ ነበር።

የመጀመሪያው ተስፋ አለው። ሁለተኛው «መክፈሏን እንጃ» የሚል ጥርጣሬ አለበት። ስለዚህ ወሩ ገና ሳይሞላ በ«ራ» ከተናገራችሁ፣ አትከፍልም ብላችሁ የጠረጠራችኋት ይመስላል። ደሞዟ የተያዘባት እህት ግን በአክብሮት እንዲህ ትበል፦ «ሌ ፔዲ ኬ ሜ ፓጋራ»፣ እንዲከፍሉኝ ጠይቄዎት ነበር። ስድብ የለበትም፤ ነገር ግን ከዚህ ቀደም መጠየቋን ቁልጭ አድርጎ ይናገራል።

ለምኞት ደግሞ «ኦኻላ» አለ። ዐረቦች ከ711 እስከ 1492 በስፔን ምድር ገዝተዋል፤ ቃሉ ከዚያ የቀረ ነው፣ ውስጡም «አላህ» አለበት። ኩሽና የምናውቃቸው ሱከር፣ ዘይትና ሩዝም እዚያ አሱካር፣ አሴይቴና አሮስ ሆነዋል። «ኦኻላ» ከ«ራ» ጋር ሲመጣ ምኞቱ ሩቅ ነው፦ ኦኻላ ሚ ማድሬ ቢቢዬራ ሴርካ፦ ምነው እናቴ በቅርብ በኖረች!

መልመጃ፦
1. ኮሲናሮን (አበሰሉ)። «እንዳበስል ፈልጋ ነበር» በሉ።
2. ኮሚዬሮን (በሉ)። «እንድንበላ ፈልጋ ነበር» በሉ።
3. በ«ኦኻላ» የሚጀምር የራሳችሁን ምኞት ጻፉ።

መልስ፦ 1. ኬሪያ ኬ ዮ ኮሲናራ። 2. ኬሪያ ኬ ኮሚዬራሞስ። የ3ኛውን መልስ እናንተ እሁድ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን። ደህና ሰንብቱልኝ።