የድሮን ውድድር ዙር ቆጣሪ በቦንጋ፦ ከብስክሌት የሚጀምር ሥራ

በድሮን ውድድር ማን እንደቀደመ በዓይን መለየት ከባድ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ድሮኑ ላይ ያለው ካሜራ የሚልከውን ምስል በመነጽር እያዩ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያበራሉ። ይህ ፍጥነት በሰከንድ 28 ሜትር ያህል ነው። በስልክ ሰዓት የሚይዝ ዳኛ ጣቱ ለሩብ ሰከንድ ብቻ ብትዘገይ ድሮኑ 7 ሜትር አልፎ ሄዷል። ዙር መቁጠር ለማሽን የተተወው ለዚህ ነው።

ማሽኑ ግን ውስብስብ አይደለም። ድሮኑ ምስሉን የሚልከው በ5.8 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ በሚሠራ ትንሽ አስተላላፊ ነው። በመነሻው በር አጠገብ መቀበያ ከተቀመጠ፣ ድሮኑ ሲቀርብ የሬዲዮ ምልክቱ እየበረታ ይሄዳል፤ በሩን ሲያልፍ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ሲርቅ ይደክማል። የዙር ቆጣሪው ሥራ የዚያን ጫፍ ቅጽበት መያዝ ነው። ንድፋቸው ለሁሉም ክፍት የሆነው ዴልታ 5 እና ሮተርሃዛርድ የተባሉት ቆጣሪዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ቆጣሪውን ሠርቶ ለመፈተን ግን ድሮን አያስፈልግም። አስተላላፊውን በብስክሌት መሪ ላይ አስሮ በእግር ኳስ ሜዳ ዙሪያ መንዳት ይበቃል። ቆጣሪው በፊቱ ያለፈው ድሮን ይሁን ብስክሌት አያውቅም፤ የሚያውቀው የምልክቱን መውጣትና መውረድ ብቻ ነው። በቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሮኒክስ የሚማር ወጣትም ሆነ በካፋ ዞን ትምህርት ቤቶች ያለ የሳይንስ ክበብ ሥራውን ከዚህ ቢጀምር ይሻላል።

ለአንድ ተወዳዳሪ የሚበቃው ዕቃ ጥቂት ነው፦ አንድ አርዱዊኖ ናኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ)፣ አርኤክስ5808 የተባለው የ5.8 ጊጋ ኸርዝ መቀበያ፣ ሦስት ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ አንድ ባለ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ አንድ ባለ 100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር፣ ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ፣ ቀጫጭን ሽቦና ፓወር ባንክ። ለሙከራ ደግሞ ባለ 25 ሚሊ ዋት የምስል አስተላላፊ ያስፈልጋል። አስተላላፊው ያለ አንቴና ፈጽሞ መከፈት የለበትም፤ ኃይሉ መውጫ ሲያጣ ራሱን ያቃጥላል።

ብየዳው የሚጀምረው ከኃይል መስመሩ ነው። መቀበያው ብቻውን ወደ 200 ሚሊ አምፔር ስለሚወስድ 5 ቮልቱን ከናኖው ፒን ሳይሆን በቀጥታ ከፓወር ባንኩ መስመር ማግኘት አለበት። ካፓሲተሩ ከመቀበያው የኃይል እግሮች አጠገብ ይበየዳል፤ አሉታዊው እግር ወደ ግራውንድ መሆኑ ይረጋገጥ። የናኖውና የመቀበያው ግራውንድ አንድ ላይ ይገናኛሉ።

ቀጥሎ የትእዛዝ መስመሮቹ ይመጣሉ። የመቀበያው ሲኤች1 ወደ ናኖው ዲ11፣ ሲኤች2 ወደ ዲ10፣ ሲኤች3 ወደ ዲ13 ይሄዳሉ፤ በእያንዳንዱ መስመር መሐል አንድ ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይገባል። ናኖው የሚያወጣው 5 ቮልት ለመቀበያው የትእዛዝ እግሮች ስለሚበዛ እነዚህ ሬዚስተሮች አይታለፉም። ባለ 100 ኪሎ ኦሙ ከሲኤች2 ወደ ግራውንድ ይያያዛል። የምልክቱን ጥንካሬ በቮልት የሚያወጣው እግር፣ አርኤስኤስአይ የሚባለው፣ ወደ ናኖው ኤ0 ይገባል። ለአንቴና 13 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ሽቦ ይበቃል፤ ይህ የ5800 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ርዝመት ሩብ ነው።

አንዳንድ አሮጌ መቀበያዎች ከናኖ ትእዛዝ አይቀበሉም። በብረት ክዳናቸው ሥር ያለች አንዲት ደቃቅ ሬዚስተር እስክትነሳ ድረስ ቻናል የሚቀይሩት በእግሮቻቸው ቮልቴጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲገዛ ለዲጂታል ትእዛዝ የተዘጋጀውን መጠየቅ ይሻላል።

ፕሮግራሙ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚቸገረው መቀበያውን ወደሚፈለገው ፍሪኩዌንሲ ማዞር ላይ ነው፤ ስሌቱ ግን አራቱን የሂሳብ መደቦች ከማወቅ አይበልጥም። 5800 ቢፈለግ 479 ይቀነሳል፤ 5321 ይቀራል። ለሁለት ተካፍሎ ትርፉ ሲጣል 2660 ይሆናል። ይህ ለ32 ሲካፈል 83 ደርሶ 4 ይተርፋል። 83 እና 4 ወደ መቀበያው የሚላኩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። መልእክቱ 25 ቢት ነው፦ 4 ለአድራሻ፣ 1 ለመጻፍ ትእዛዝ፣ 20 ለቁጥሮቹ፤ ሁሉም ከትንሹ ቢት ጀምሮ ይላካል። ይህን በእጁ አንድ ጊዜ ያሰላ ተማሪ የማንኛውንም ቻናል ቁጥር ያለ ሠንጠረዥ ያወጣል።

ከዚያ በኋላ ናኖው ኤ0ን ደጋግሞ ያነባል። አንድ ንባብ 0.1 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ ጥቂት ንባቦችን አማክሎ ምልክቱን ማለስለስ ፍጥነቱን አይጎዳም። ሁለት ደፎች ይቀመጣሉ፦ የመግቢያና የመውጫ። ለምሳሌ ሜዳው ባዶ ሲሆን ንባቡ 100፣ ብስክሌቱ በሩ ሥር ሲሆን 220 ቢሆን፣ መግቢያው 190፣ መውጫው 160 ቢደረግ ያስኬዳል። ንባቡ ከ190 ሲያልፍ ናኖው ከፍተኛውን ቁጥርና ሰዓቱን መያዝ ይጀምራል፤ ከ160 ሲወርድ የያዘውን ሰዓት እንደ ዙር ይመዘግባል። ደፉ አንድ ብቻ ቢሆን ምልክቱ እዚያው ላይ ሲንቀጠቀጥ አንዱን ዙር ሦስትና አራት አድርጎ ይቆጥረዋል። በተጨማሪ ከ5 ሰከንድ ያጠረ ዙር እንዳይመዘገብ ማድረግ ይረዳል።

ሰዓቱ ራሱ መፈተሽ አለበት። አንዳንድ የናኖ ሰሌዳዎች በኳርትዝ ፈንታ የሴራሚክ ማወዛወዣ ስላላቸው እስከ 0.5 በመቶ ሊስቱ ይችላሉ። በ30 ሰከንድ ዙር ላይ ይህ 0.15 ሰከንድ ነው። ቆጣሪውን ለ10 ደቂቃ አስኪዶ ከስልክ ሰዓት ጋር ማስተያየት፣ ልዩነቱ 3 ሰከንድ ቢደርስ በፕሮግራሙ ውስጥ ማረም ያስፈልጋል።

ካፋ ላይ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ እርጥበት። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ የገባው የካፋ ደን ለምለም የሆነው ዝናቡ ስለሚበዛ ነው፤ ያው ዝናብ ግን የተበየደን ሰሌዳ ያዝጋል። ብየዳው ሲያልቅ በሰሌዳው ላይ የቀረው የብየዳ ቅባት በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ተጠርጎ ሰሌዳው በደንብ ይደርቃል፤ ከዚያ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም በስሱ ይቀባል። የዩኤስቢ መሰኪያውና አንቴናው አይነኩም። ሰሌዳው አንድ ጎኑ ክፍት በሆነ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ገብቶ ክፍቱ ወደ በሩ ሲዞር፣ ቆርቆሮው ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣን ምልክት ይከልላል። ከላይ ፕላስቲክ ክዳን ካለው ዝናቡንም ይመክታል። በአቅራቢያ ያለ ስልክ በ5 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋይ የሚያጋራ ከሆነ ወደ 2.4 ይቀየር።

ተወዳዳሪዎች አራት ሲሆኑ አራት መቀበያና አራት ናኖ ያስፈልጋሉ፤ ሮተርሃዛርድ ሁሉንም ራስበሪ ፓይ በተባለ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ያሰባስባቸዋል። የእያንዳንዱ ቻናል ከሌላው ቢያንስ 37 ሜጋ ኸርዝ መራቅ አለበት፤ ከዚያም በላይ ቢራራቁ ይመረጣል። የፍሪኩዌንሲ አጠቃቀም በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥር ስለሆነ የትኞቹ ቻናሎች እንደሚፈቀዱ እዚያ ይጠየቅ። ወደ ድሮን የሚሸጋገር ክበብም የማብረር ፈቃዱን በትምህርት ቤቱ ወይም በዩኒቨርሲቲው ስም በደብዳቤ ይጠይቅ፤ ድሮኑን የሚገዛው ፈቃዱ በእጁ ከገባ በኋላ ይሁን።