ገና ስላልተወለደ ሕፃን ክብር

በአረካ ዙሪያ በወላይታ ምድር እንሰት የሚያራባ ገበሬ ሲሠራ አይታችሁ ይኾናል። የእንሰቱን ግንድ ይቈርጣል፤ በሥሩ ያለውን አሚቾ መካከሉን ጐድጕዶ የማደጊያውን ልብ ያወጣል፤ ከዚያም በዐፈርና በፍግ ይቀብረዋል። ብዙ ቀን በምድር ላይ የሚታይ ነገር የለም። ገበሬው ግን ያንን ስፍራ ከብት እንዳይረግጠው ይጠብቀዋል። ስለ ምን ባዶ መሬት ትጠብቃለህ ቢሉት ይስቃል፤ ከተቀበረው ከአንዱ ብዙ ችግኝ እንዲወጣ ያውቃልና። ምሳሌ ኹሉ ጐደሎ ነው፤ ሰውም እንሰት አይደለም። ዳሩ ግን ያላየነውን ነገር የለም እንዳንል ይኸ ያስተምረናል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሰው ሕይወት ከተፀነሰበት ሰዓት ዠምሮ እንደ ሰው ሊከበርና ሊጠበቅ ይገባል ብላ ታስተምራለች። ሥጋችንን ከአባትና ከእናት እንቀበላለን፤ ነፍሳችንን ግን እግዚአብሔር ራሱ ይፈጥራታል እንጂ ከወላጆች አትወረስም። ነፍስ ወደ ሥጋ የምትገባው በየትኛው ቀን ነው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር፥ ጥያቄው አዲስ አይደለም። ታላቁ መምህር ቅዱስ ቶማስ አኵናስ በ13ኛው መቶ ዓመት፥ ፅንሱ ጥቂት ከቈየ በኋላ ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ ኾኖም ፅንስን ማጥፋት ከባድ ኀጢአት መኾኑን አልካደም። ቤተ ክርስቲያንም በ1974 ዓመት (እዚህ የተጻፈው ዘመን ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ባወጣችው ትምህርት ይኸን ሰዓት አልወሰነችም። አሮጌ ጐጆ ሊያቃጥል የተነሣ ሰው በውስጡ የተኛ ልጅ ሳይኖር አይቀርም ቢሉት፥ ክብሪቱን ይጥላል እንጂ እስኪረጋገጥ ድረስ ላቃጥል አይልም።

ከዚህ ኹሉ ይልቅ የምእመናንን ልብ የሚያሳምነው የጌታችን የራሱ ፅንሰት ነው። በአገራችን የዘመን ቍጥር ብሥራቱን መጋቢት 29 ቀን፥ ልደቱንም ታኅሣሥ 29 ቀን እናከብራለን። እስኪ ቍጠሩት፤ ጳጕሜን 5 ቀን ስትኾን 275 ቀን ነው። ቃል ሥጋ የኾነው በቤተ ልሔም በግርግም አይደለም፤ አስቀድሞ በናዝሬት፥ ማንም ሳያየው ነው። እመቤታችንም ፅንሷ ገና የጥቂት ቀን ሲኾን ወደ ኤልሳቤጥ ዘንድ ፈጥና ሄደች፤ በኤልሳቤጥ ማኅፀን የነበረው ዮሐንስም በደስታ ዘለለ። ኤልሳቤጥም እመቤታችን የጌታዋ እናት መኾኗን መሰከረች፤ እናት ትኾናለች አላለችም።

ይኸንን ሰምተን ኹላችን እውነት ነው እንላለን። የሚከብደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቋንቋችን ያረገዘችውን ሴት ነፍሰ ጡር ይላታል፤ ነፍስ የተሸከመች እንደ ማለት ነው። እኛ ግን በዚያ ላይ የውሃውን እንስራና የእንጨቱን ሸክም እንጨምርባታለን፤ ባሏም ዱላውን ብቻ ይዞ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ከአረካ ብዙ ሳይርቅ በዱቦ በእመቤታችን ስም የተጠራ የካቶሊክ ሆስፒታል አለ፤ ሚስቱን ወደ ሐኪም የሚያደርስ ባል ግን ስንት ነው? ያላገባች ተማሪ ብትፀንስማ አባቷ ከቤት ያስወጣታል፤ ጎረቤትም በገበያ ያማታል፤ ያስረገዛት ጎልማሳ ግን በሰላም ከማዕድ ይቀርባል። እርስዋ ተጨንቃ በሌሊት ወደ መድኀኒት ዐዋቂ ቤት ብትሄድ፥ መንገዱን ያሳየናት እኛ አይደለንምን? ፅንስን ስለ ማክበር የምንሰብክ ሰዎች ይኸንን ብንዘለው ስብከታችን ግማሽ ነው።

ፅንሷን ያጠፋችም ብትኖር ተስፋ አትቍረጥ። ቀድሞ በብዙ አገር ይኸን ኀጢአት ለመፍታት የኤጲስ ቆጶስ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ በኅዳር ወር 2016 ዓመት ግን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ይኸን ሥልጣን ለካህናት ኹሉ ሰጡ። ስለዚህ በቅርቧ ያለውን ካህን ታናግር። የገፋፋት ወንድም እንዲሁ ያድርግ፤ ኀጢአቱ የእርስዋ ብቻ አይደለምና።

ሳትፈቅድ ፅንስ የወረደባት እናት ግን ሌላ ናት፤ በዚህ ነገር አንዳች በደል የለባትም። ኾኖም ልጅ የሞተባት ስትኾን ለቅሶ ደራሽ የላትም፤ ሌላ ትወልጃለሽ ብለው ያልፏታል። ስለ ሕፃኑም ነፍስ ብትጨነቅ፥ በ2007 ዓመት በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ ፈቃድ የወጣው የነገረ መለኮት ሊቃውንት ጽሑፍ፥ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት እንዲድኑ ተስፋ የምናደርግበት ብርቱ ምክንያት አለን ይላል። ወላጆቹ ሊያስጠምቁት ያሰቡት ልጅ ሳይጠመቅ ቢሞት፥ በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት እንዲቀበር ኤጲስ ቆጶሱ መፍቀድ ይችላል፤ ይኸንንም ብዙ ሰው አያውቀውም። እንግዲህ እንዲህ ያለች ጎረቤት ብትኖራችሁ ንፍሮና ቡና ይዛችሁ ወደ ቤቷ ሂዱ፤ አጠገቧም ተቀመጡ፤ ለልጁ ስም አስባለት እንደ ነበረ ጠይቋት።