የፌዴራል ገንዘብና የአካባቢ መንገድ

አንድ መንገድ ተሠርቶ ሲመረቅ ለማየት የሚሰበሰበው ሰው ብዙ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያው መንገድ በክረምት ዝናብ ሲቦረቦር፥ የጭነት መኪናው ጎማ ሲቀደድና በመንገድ ላይ የዋለው ቲማቲም ሲበሰብስ፥ ኪሳራውን የሚቈጥረው ነጋዴው ነው። ይህም ኪሳራ በነጋዴው መዝገብ ላይ ተጽፎ ብቻ አይቀርም፤ በዕቃው ዋጋ ላይ ተጨምሮ ወደ ሸማቹ ይተላለፋል። ስለዚህ መንገዱን ማን አሠራው ከሚለው ይልቅ፥ ገንዘቡ በምን ውል መጣ፥ ከተሠራስ በኋላ የሚጠግነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለነጋዴ ወገን ይበልጥ ይጠቅማል።

በፌዴራል ሥርዐት በሚተዳደር አገር፥ እንደ ጉምሩክ ቀረጥ ያሉት ታላላቅ የገቢ ምንጮች የሚገኙት በማዕከላዊው መንግሥት እጅ ነው። መንገዱ፥ ድልድዩና የውሃ መውረጃው ቦይ የሚፈለጉት ግን በየወረዳውና በየከተማው ነው። ገንዘቡ ካለበት ቦታ ሥራው ወዳለበት ቦታ የሚያሻግረው ድጎማ ይባላል። የድጎማን ጥቅምና ጉድለት ለመረዳት የአሜሪካን የመንገድ ሕግ ታሪክ መመልከት ይበጃል፤ ይኸውም ሕጉ ከመቶ ዓመት በላይ በሥራ ላይ ስለ ተፈተነ ነው። ደግሞም ታሪኩ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም በባለሙያ የረዳው፥ ይህንኑ የመንገድ ዕርዳታ በአሜሪካ ያስተዳድር የነበረው የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ነበር።

የመጀመሪያው ሕግና ውሉ

ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 1916 በፈረሙት ሕግ፥ ፖስታ ለሚመላለስባቸው የገጠር መንገዶች በ5 ዓመት ውስጥ የሚከፈል 75 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ገንዘቡ ለየክፍለ ግዛቱ የሚከፋፈለው በሹማምንት ፈቃድ ሳይሆን በቀመር ነበር። ሲሶው በመሬት ስፋት፥ ሲሶው በሕዝብ ብዛት፥ ሲሶው ደግሞ በፖስታ መንገዶች ርዝመት ይታሰብ ነበር። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የሚደርሰውን አስቀድሞ ዐውቆ ሥራውን ማቀድ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከገንዘቡ ጋር አራት ግዴታዎች ተያይዘው ነበር።

1ኛ፥ የፌዴራሉ መንግሥት ድርሻ ከወጪው ግማሽ አይበልጥም፤ የቀረውን አካባቢው ራሱ ያገኛል።

2ኛ፥ ገንዘቡን ለመቀበል ክፍለ ግዛቱ ሥራውን የሚመራ የመንገድ መሥሪያ ቤት ሊኖረው ይገባል።

3ኛ፥ ገንዘቡ የሚከፈለው ሥራው በተፈቀደው ዕቅድ መሠረት መሠራቱ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ ክፍለ ግዛቱ አስቀድሞ ከራሱ አውጥቶ ይሠራል፥ ኋላም ድርሻውን ይተካለታል።

4ኛ፥ የተሠራውን መንገድ መጠገን የአካባቢው ግዴታ ነው። መንገዱ ተበላሽቶ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በኋላ በ4 ወር ውስጥ ካልተጠገነ፥ የእርሻ ሚኒስትሩ አዲስ ሥራ አይፈቅድም ነበር።

እነዚህ ግዴታዎች ለጊዜው ከባድ ቢመስሉም ፍሬ አፍርተዋል። ግማሹን ወጪ ማግኘት ግድ ስለ ሆነ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸውን የገቢ ምንጭ መፈለግ ጀመሩ። ኦሬጎን እ.ኤ.አ. በ1919 በአንድ ጋሎን ቤንዚን ላይ 1 ሳንቲም ቀረጥ ጣለች፤ እስከ 1929 ድረስ በዚያን ጊዜ የነበሩት 48ቱ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ይህንኑ ምሳሌ ተከተሉ። ከዚህ የምንረዳው፥ በሚገባ የተሰጠ ድጎማ ተቀባዩን ጠባቂ ሳያደርግ ራሱን እንዲችል የሚያነቃ መሆኑን ነው።

ነገር ግን የ1916ቱ ሕግ አንድ ጉድለት ነበረው። መንገዶቹ እዚህም እዚያም ተበታትነው ስለ ተሠሩ ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው አይገናኙም ነበር። ገበያ የማይደርስ ጥሩ መንገድ ደግሞ ለነጋዴ ከመጥፎ መንገድ ብዙ አይሻልም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣው ሕግ ዕርዳታው ከየክፍለ ግዛቱ መንገዶች ከ100 እጅ 7ቱን ለማይበልጡ፥ ተመርጠው ለተያያዙ መንገዶች ብቻ እንዲውል ወሰነ።

ድርሻ ሲያንስ የሚመጣ ነገር

ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 1956 የፈረሙት ሕግ የክፍለ ግዛቶችን ድርሻ እጅግ አቀለለ። 41,000 ማይል የሚሆነውን ታላቅ አውራ ጎዳና ለመሥራት የፌዴራሉ መንግሥት ከ100 እጅ 90ውን ሲከፍል፥ ክፍለ ግዛቶች የሚጠየቁት 10ሩን ብቻ ሆነ። የቤንዚን ቀረጥ በጋሎን ከ2 ወደ 3 ሳንቲም ከፍ ብሎ፥ ገቢው ለመንገድ ብቻ በተለየ ፈንድ ውስጥ እንዲቀመጥ ተደረገ። ጎዳናውም በፍጥነት ተስፋፋ።

ሆኖም የጎዳናው ገንዘብ የታሰበው ለአዲስ ሥራ እንጂ ለዕድሳት አልነበረም። ለአዲስ መንገድ 10 ሳንቲም አዋጥቶ 90 ሳንቲም ማግኘት ሲቻል፥ ለጥገና ግን ሙሉውን ብር ከራስ ማውጣት ግድ ሲሆን፥ የማንም አስተዳዳሪ ልብ ወደ አዲሱ ሥራ ማዘንበሉ አያስደንቅም። ከ20 ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1976፥ አርጅቶ የሄደውን ጎዳና ለማልበስና ለማደስ የፌዴራሉ ገንዘብ እንዲውል አዲስ ሕግ ማውጣት አስፈለገ።

የኢትዮጵያ ሥርዐት

በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ለዚህ ጉዳይ መሠረት ጥሏል። በአንቀጽ 62 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ይወስናል። በአንቀጽ 94 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች ለልማት ዕርዳታና ብድር ሊሰጥ እንደሚችልና የሰጠው ድጎማ በትክክል በሥራ ላይ መዋሉን የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ተደንግጓል።

የጥገናውም ነገር አልተዘነጋም። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ዋና ገቢው በነዳጅ ላይ የሚከፈል ክፍያ ነበር፤ ገንዘቡም አዲስ መንገድ ለመሥራት ሳይሆን የተሠራውን ለመጠገንና ለመንገድ ደኅንነት እንዲውል ታዝዟል። ይህም መንገዱን አብዝቶ የሚጠቀም ሰው ለጥገናው አብዝቶ እንዲከፍል የሚያደርግ ሚዛናዊ ሐሳብ ነው።

ለነጋዴ የሚቀረው ትምህርት

በአንድ ከተማ ከፌዴራል በሚመጣ ገንዘብ መንገድ ወይም የገበያ ቦታ ሊሠራ በታቀደ ጊዜ፥ የከተማው ነጋዴዎች ደስታቸውን ከመግለጻቸው በፊት ማዘጋጃ ቤቱን በትሕትና ሊጠይቁት የሚገባ አምስት ነገር አለ። ይኸውም፥ የከተማው ድርሻ ስንት ነው፥ ከየትስ ይወጣል? ሥራውን የሚቈጣጠር መሐንዲስ አለ ወይ? ገንዘቡ ሥራው ከተፈጸመ በኋላ የሚተካ ከሆነ፥ እስከዚያ ድረስ ለሥራ ተቋራጩና ለሲሚንቶ ሻጩ የሚከፈለው ከየት ነው? መንገዱ ከዋናው ጎዳናና ከገበያው ጋር ይገናኛል ወይ? በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ቦዩን የሚጠርግና ጕድጓዱን የሚደፍን ሠራተኛስ በከተማው በጀት ውስጥ ተመድቦለታል ወይ?

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለው፥ ዛሬ በአንድ አካፋ አፈር የሚደፈን ጕድጓድ ለከርሞ ሙሉ መንገድ ያስቈፍራል። ለአዲስ ሥራ ከሩቅ ገንዘብ ሊመጣ ይችላል፤ ቦዩን በየዓመቱ የሚጠርገው ግን በቅርብ ያለው ሰው ነው።