አዮዲን ያለው ጨው እየተጠቀምኩ እንቅርት ለምን ወጣብኝ?

ጥያቄ፦ ሉማሜ የምኖር የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አንገቴ ላይ እንቅርት ወጥቷል፤ እናቴም ነበረባት። የምንገዛው ጨው አዮዲን ያለው ነው። ምክንያቱ ምን ይሆን? ለልጄስ ያሰጋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው፤ አዮዲን ሲያጥረው ያብጣል፤ እንቅርት የሚባለውም ይህ የአንገት እብጠት ነው። በደጋው አገራችን ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ስለሚወስደው እህሉም አነስተኛ አዮዲን ይይዛል። ስለዚህ እንቅርት በእናትና በልጅ ላይ መታየቱ በዘር ብቻ የመጣ ነው ማለት አይደለም።

በደንብ ቁጥር 204/2003 ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ተደንግጓል። ሆኖም ፀሐይ፣ እርጥበትና ረጅም መፍላት አዮዲኑን ይቀንሱታል። ጨውዎን በተከደነ ዕቃ ከእሳት አርቀው ያስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩ። ለአዋቂ በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም አዮዲን ይመከራል።

የፅንሱ አእምሮ እድገት በእርስዎ ሆርሞን ላይ ስለሚመካ፣ ሳይዘገዩ ለእርግዝና ክትትል ባለሙያዎ ይንገሩ፤ የታይሮይድ የደም ምርመራም ይጠይቁ። እዚያ ከሌለ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሪፈር ሊጽፉልዎ ይችላሉ። ጨው ማብዛትም ሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አዮዲን መውሰድ አይመከርም፤ የበዛ አዮዲንም ዕጢውን ያውካል። የልብ ምት መፍጠን፣ የድምፅ መጎርነን፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር ካለ ፈጥነው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። በጊዜ ከታወቀ ሕክምና አለው።