በከተማ ደጅ ለሚቀመጥ ዳኛ ድምፅ ስለ መስጠት

በሲያትልና በዙሪያዋ ዜግነት ወስደን ለምንኖር የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ እስከ ቤታችን ድረስ ይመጣል። ከላይ የተጻፉትን ስሞች እናውቃቸዋለን፤ በቴሌቪዥን ሰምተናቸዋል፣ ቡና ላይም ተከራክረንባቸዋል። ወደ ታች ስንወርድ የዳኞች ስም ይመጣል። አጠገባቸው የፓርቲ ስም የለም፤ ብዙዎቹ ተፎካካሪም የላቸውም። እስክሪብቶው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ባዶውን ይተወዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ለጆሮው የቀለለውን ስም ያጠቁራል። ምእመናን፣ ዛሬ የምንማረው ስለዚህች የወረቀቱ ግርጌ ነው።

የሲያትል ከተማ ፍርድ ቤት በየ4 ዓመቱ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጡ 7 ዳኞች አሉት። የነፍስ ግድያ ክስ እዚያ አይቀርብም። የሚታየው ጠጥቶ ማሽከርከር፣ ከሱቅ ዕቃ መስረቅ፣ በቤተሰብ መካከል የተነሣ ድብደባ፣ የትራፊክ ቅጣት ነው። ስለዚህ ትንሽ ፍርድ ቤት ይመስለናል። ነገር ግን ከእኛ ወገን ብዙው ሰው ዳኛ ፊት ከቆመ የሚቆመው እንዲህ ባለው ችሎት ነው። እንግሊዝኛው ያልጠናለት አባት አስተርጓሚው የሚነግረውን እያዳመጠ ይቆማል፤ ዳኛው ደግሞ ይህ ሰው በዋስ ይውጣ ወይስ ይታሰር፣ ዛሬ ማታ ልጆቹ ወዳሉበት ቤት ይግባ ወይስ እንዳይደርስ ይታገድ የሚለውን በጥቂት ደቂቃ ይወስናል። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት እዚህ ከሚታዩት ወንጀሎች የከበዱት ጣሪያቸው 365 ቀን እስራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሕግ አውጪው 364 ቀን አደረገው። በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ለአንዳንድ ጥፋቶች የአንድ ዓመት ፍርድ ግሪን ካርድ የያዘውን ሰው ሊያስባርረው ስለሚችል፣ ያቺ አንዲት ቀን ቤተሰብ የሚበተንባት ወይም የሚተርፍባት ቀን ናት።

ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ የዳኞችን ስም በወረቀታችሁ ላይ አታገኙም፤ በቨርጂኒያ ዳኛን የሚመርጠው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ነው፣ በዲሲ ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። በቴክሳስ ግን ብዙ ዳኞች የፓርቲ ስም ይዘው ይወዳደራሉ።

አሁን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንሂድ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ለፍርድ ተቀምጦ፣ ሕዝቡም ተሰልፎ ሲጉላላ አማቱ ዮቶር አየ። ዮቶርም ዳኞችን እንዲሾም መከረው፤ መስፈርቱንም አብሮ ነገረው። ችሎታ ያላቸው፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ እውነተኞች፣ ያለ አግባብ የሚገኝ ጥቅምን የሚጠሉ ይሁኑ አለ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 1 ላይ ሙሴ ይህንኑ ታሪክ ሲያስታውስ አንድ ነገር ይጨምራል። አስተዋዮችን ከየነገዱ እንዲመርጥ ለሕዝቡ ነገረ፣ ሕዝቡም ነገሩን ወደደው፣ ሙሴም ሾማቸው። ምርጫው ከሕዝብ መጣ። ከየነገዱ መሆኑም ምክንያት አለው፤ ሰውን ጎረቤቱ ያውቀዋልና። ለተሾሙት ዳኞች የሰጣቸው ትእዛዝም ወንድምንና መጻተኛን እኩል እንዲሰሙ፣ ትንሹን እንደ ትልቁ እንዲያዩ፣ ማንንም እንዳይፈሩ ነው፤ ፍርድ የእግዚአብሔር ነውና። መጻተኛ ሆኖ እዚህ አገር ለገባ ሰው ይህ ቃል ከሁሉ ይልቅ ይቀርበዋል። ዛሬ መጻተኛው ራሱ መራጭ ሆኗል።

ዳኛን መምረጥ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው የሚሉ አሉ። አይመስለኝም። አባቶቻችን ሲጣሉ መንገደኛውን አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር፤ ተከሳሽና ከሳሽ በነጠላቸው ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅም በየቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ተቋቁሞ ነዋሪው ዳኞቹን መርጧል። ያ ዘመን ምን ያህል ደም እንዳፈሰሰ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በሕዝብ መመረጡ ብቻውን ዳኛውን ጻድቅ አያደርገውም፤ ለዚህ ነው መስፈርቱ ከምርጫው ጋር አብሮ የተሰጠው።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ለከንቲባ ወይም ለምክር ቤት አባል ድምፅ ስንሰጥ ጉዳያችንን የሚያስፈጽምልንን እንፈልጋለን፤ ተገቢም ነው። ለዳኛ ስንሰጥ ግን የምንመርጠው እኛ ስናጠፋ በእኛ ላይ መፍረድ የሚችለውን ሰው ነው። ስለዚህ መራጩ ራሱ በዚያች ሰዓት ዳኛ ነው፤ ፊት አይቶ እንዳያዳላ ለዳኛው የተሰጠው ትእዛዝ በእርሱም ላይ ይሠራል። ኦሪት ለባለጠጋ ማዳላትን ብቻ ሳይሆን ለድሃም ማዳላትን ትከለክላለች። ለአገር ልጅስ?

ይህን ጥያቄ በጥንቃቄ እንየው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢትዮጵያ የተወለዱት ኒና አሸናፊ ሪቻርድሰን በፍሎሪዳ የሊዮን ካውንቲ ዳኛ ሆነው በሕዝብ ተመርጠዋል። አባታቸው የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች የነበሩት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው። ደስ ብሎናል፤ መደሰታችንም ኃጢአት የለበትም። ልጆቻችን የእነርሱን የሚመስል ስም ከችሎቱ ወንበር ፊት ተጽፎ ሲያዩ ይጠቅማቸዋል። ነገር ግን አንድን እጩ ብቁ ሳይሆን በስሙ ብቻ ብንመርጠው፣ ነገ ሌላው ወገን በስሙ ብቻ የራሱን ሲመርጥ ምን ብለን እንከራከራለን? ያገሬ ልጅ ነው ማለት እጩውን ጠጋ ብዬ ልወቀው ለማለት በቂ ነው፤ ድምፅ ለመስጠት ግን አይበቃም።

ጥቅምን መጥላት የሚለውም በዘመናችን መልኩን ቀይሯል። በዌስት ቨርጂኒያ ዶን ብላንከንሺፕ የተባለ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ኃላፊ ነበር። ኩባንያው 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈርዶበት ይግባኝ ሊል ሲዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ምርጫ ብሬንት ቤንጃሚን የተባለ እጩ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ እንዲሆን 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጣ። እጩው ተመረጠ፤ ይግባኙ ሲመጣም ከችሎት አልነሣም አለ፤ ኩባንያው 3 ለ2 አሸነፈ። በ2009 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ዳኛው መነሣት ነበረበት ብሎ ወሰነ። ማንም በእጁ ፖስታ አልሰጠውም፤ ሕግ ጥሷል ተብሎም አልተከሰሰም። ያም ሆኖ ተሸናፊው ወገን ፍትሕ አገኘሁ ብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ አልቻለም። ስለዚህ ለእጩው ገንዘብ ያዋጣው ማን ነው ብሎ መጠየቅ የክርስቲያን ግዴታ ነው።

እግዚአብሔርን መፍራትን በምን እንለካለን? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለሹመት የሃይማኖት ፈተና እንዳይደረግ ይከለክላል፤ እኛም እጩውን ምን ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ ብለን አንመዝነውም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ስለ ዓመፀኛው ዳኛ ሲናገር፣ እግዚአብሔርን አለመፍራቱ የታየው መበለቲቱን ባመላለሳት ጊዜ ነው። መለኪያውም ይኸው ነው፤ ጠበቃ የሌላትን፣ ቋንቋ ያልሞላላትን ሴት እንዴት ይሰማታል? ይህን ለማየት ችሎቱ ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መከታተል ይችላል። የመራጮች መምሪያው ላይም የእጩው የሥራ ታሪክ አለ፤ የኪንግ ካውንቲ ጠበቆች ማኅበርም እጩዎችን እየጠየቀ የብቃት ደረጃ ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ሁሉ አስራለሁ፣ ወይም ሁሉን እለቃለሁ ብሎ አስቀድሞ ቃል የሚገባ እጩ ካያችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ነገሩን ሳይሰማ ፈርዷልና።

ነገሩን ሳይሰሙ መፍረድ ምን እንደሚያመጣ የሶስና መጽሐፍ ያሳየናል። በባቢሎን ሁለት ሽማግሌዎች ዳኞች ሆነው ተሾሙ፤ በንጽሕቲቱ ሶስና ላይም በሐሰት መሰከሩ። ጉባኤው ሽማግሌዎችና ዳኞች ናቸውና ብሎ አመናቸው፣ ሞትም ፈረደባት። ዳንኤል ግን በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ለያይቶ ጠየቃቸው፤ አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። ጥፋቱ የሁለቱ ብቻ አልነበረም፤ ጉባኤው ሳይጠይቅ አምኗል።

እንግዲህ ባዶውን መተው ኃጢአት ነው ወይ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሳይጠይቁ በስንፍና መተው እንደዚያ ጉባኤ መሆን ነው። ጠይቆ፣ አንብቦ፣ ከልጆቹም ጋር ተማክሮ ሊለይ ያልቻለ ግን ባዶውን ቢተወው ሕጉ ይፈቅድለታል፤ የቀረው ድምፁም በሙሉ ይቆጠራል። እኔ ለመጪው ምርጫ የማንንም ስም አልጠራላችሁም። ወረቀቱን ከመሙላታችሁ በፊት ግን የዳኞቹን ስም በትንሽ ወረቀት ገልብጡና ለአንድ ሳምንት ጠይቁ፣ አንብቡ፣ ከዚያ አጥቁሩ።