በበጋ የለመለመ ጓሮ

ሽማግሌው ሰቆጣ ከተማ ዳር ባለው ግቢያቸው ተቀምጠው የንብ ቀፎ በእበት ይመርጋሉ። ትውልዳቸው አበርገሌ ነው፤ ከኒሯቅ ወደ ተከዜ በሚያወርደው ቆላ ፍየል ሲጠብቁ አድገዋል። ጉልበታቸውን የጨረሱት ግን በውሃ ሥራ ነው፤ ቧንቧ ሲዘረጉ፣ ሞተር ሲያስነሱ፣ ቆጣሪ ሲተክሉና ሲያነቡ። ጡረታ ከወጡም በኋላ የሰፈሩ ሰው ቧንቧ ሲፈነዳበት የሚሮጠው ወደ እርሳቸው ነው።

ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ፀሐዩ ገና በማለዳ ይለበልባል። ወጣቷ መምህርት አንድ ወረቀት ጨብጣ ገባች፤ ሰላምታውንም በቅጡ ሳትጨርስ ዘረጋችላቸው።

«አባባ፣ እስኪ ይህን ይዩልኝ። የውሃ ቢል ነው። ከለመድነው ስምንት ዘጠኝ እጥፍ መጣብን! ባለቤቴ ‹አልከፍልም፣ የመጣው ይምጣ› ብሏል። እኔ ደግሞ ውሃው ይቆረጥብናል ብዬ ፈራሁ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ተቀብለው ግርጌው ላይ ያለውን የብር መጠን በአውራ ጣታቸው ሸፈኑት።

«ብሩን ለጊዜው ተይው ልጄ። ስንት ሜትር ኩብ ይላል?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ያለፈው ወርስ?»

«ስድስት ነበር። ከዚያ በፊትም ስድስት፣ ሲበዛ ሰባት።»

«አንድ ሜትር ኩብ ስንት ጀሪካን ነው?»

መምህርቷ ትንሽ አሰበች። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ ቢጫው ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። «ሃምሳ» አለች።

«እንግዲህ 31 ሜትር ኩብ 1,550 ጀሪካን ነው። እናንተ አምስት ናችሁ። በአንድ ወር 1,550 ጀሪካን ውሃ ጨርሳችኋል?»

«እንኳን ልንጨርሰው፣ የምናጠራቅምበትም የለን!»

«ስለዚህ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ቁጥሩ ተሳስቷል፤ ወይ ውሃው እናንተ ሳታዩት ሄዷል። መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ ውሃውን እንመርምር። መናደዱም መክፈሉም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»

ቢሉ ላይ ሦስት ነገር እንድትፈልግ ነገሯት። የመጀመሪያው የቆጣሪው መለያ ቁጥር ነው፤ የጎረቤት ቆጣሪ በስሕተት በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሁለተኛው ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ፤ ከአሁኑ ያለፈው ሲቀነስ የወሩ ፍጆታ ይወጣል። ሦስተኛው ንባቡ የተወሰደበት ቀን ነው።

«ቀኑ ምን ያደርጋል?» ስትል ጠየቀች።

«ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ በር ተዘግቶበት ከተመለሰ የዚያ ወር ፍጆታ በግምት ሊሞላ ይችላል። ግምቱ ካነሰ፣ የጎደለው ሁሉ ተደምሮ በሚቀጥለው ወር ይመጣል። ያኔ የሁለት ወር ውሃ የአንድ ወር መስሎ ሰው ይደነግጣል።»

ቢሉ ላይ ያለፈው ንባብ 381፣ የአሁኑ 412 ይላል። ልዩነቱ 31 ነው፤ ሂሳቡ ልክ ነው። ከንባብ እስከ ንባብ ያለውም ጊዜ አንድ ወር ነው። ሽማግሌው ተነሥተው ከዘራቸውን ያዙ። «ወረቀቱ የሚለውን ሰማን፤ አሁን ደግሞ ቆጣሪው የሚለውን እንስማ» አሏት።

የመምህርቷ ቆጣሪ ከበሩ አጠገብ በሲሚንቶ ሣጥን ውስጥ ነው። አቧራውን ጠርገው ክዳኑን አነሡት። ጥቁሮቹ አኃዞች ሜትር ኩቡን፣ ቀዮቹ ደግሞ ከሜትር ኩብ በታች ያለውን ሊትር እንደሚያሳዩ ነገሯት። ቀዮቹን ከጥቁሮቹ ጋር ደርቦ የሚያነብ ሰው ፍጆታውን አሥር ወይም መቶ እጥፍ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። መለያ ቁጥሩ ከቢሉ ጋር አንድ ሆነ። ጥቁሮቹ አኃዞች 419 ላይ ደርሰዋል።

«ንባቡ ከተወሰደ ሰባት ቀን ሆኖታል» አሉ ሽማግሌው። «በሰባት ቀን 7 ሜትር ኩብ ተጨምሯል። አንባቢው አልተሳሳተም ማለት ነው። ዛሬም ውሃው እየሄደ ነው።»

መምህርቷ ግን በቀላሉ አልረታም አለች። «ቆጣሪው ራሱ ቢሆንስ? ሁሉም ‹ቆጣሪው አርጅቶ ነው የሚሮጠው› ይላሉ።»

«ሁሉም ይላል፤ ልምዱ ግን ሌላ ነው። በውስጡ የሚሽከረከረው ክፍል ሲያረጅና ሲበላ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ያረጀ ቆጣሪ አሳንሶ በመቁጠር የሚጎዳው ይበልጡን ውሃ ሻጩን ነው። ቢሆንም መጠርጠር መብትሽ ነው፤ መፈተኛውም ጀሪካን ነው። ውሃ ሲመጣ ሌላውን ቧንቧ ሁሉ ትዘጊያለሽ፤ ንባቡን ትጽፊያለሽ፤ በቀጥታ ከቆጣሪው በሚመጣው ቧንቧ አሥር ጀሪካን በልኩ ትሞያለሽ። ቆጣሪው 200 ሊትር ወይም ለእርሱ የቀረበ ቁጥር ካሳየ ደህና ነው። ለቤት ቆጣሪ በመደበኛ አወራረድ የሚፈቀደው የስሕተት መጠን ከመቶ 2 ገደማ ነው፤ ከ200 ሊትር 4 ሊትር ማለት ነው። 240 ወይም 250 ካለሽ ግን ‹ቆጣሪዬ ይመርመርልኝ› ብለሽ በጽሑፍ ታመለክቻለሽ።»

በፈረቃ ውሃ ለሚያገኝ ሰፈር አንድ ሌላ ነገር አከሉላት። ውሃ ቀናት ጠፍቶ ሲመለስ በባዶው ቧንቧ ውስጥ የቆየውን አየር እየገፋ ነው የሚመጣው። የቧንቧው ማፏጨትና መንፈቅፈቅም ከዚሁ ነው። አየሩ በቆጣሪው ሲያልፍም ያሽከረክረዋል። ስለዚህ ውሃ በመጣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቆጣሪው አጠገብ ቆሞ ማየት ይጠቅማል፤ ውሃ ሳይወርድ ቁጥሩ የሚሮጥ ከሆነ በስልክ ቀርጾ ማስረጃ ማድረግ ይቻላል። «አየር ግን 25 ሜትር ኩብ አያመጣብሽም» አሏት።

ሽማግሌው በቆጣሪው መስተዋት ሥር ያለችውን ትንሽ ኮከብ መሰል መንኮራኩር አሳዩዋት። በቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ይህች ኮከብ ከዞረች፣ ከቆጣሪው ወዲህ የሚፈስ ውሃ አለ ማለት ነው። አሁን ግን ኮከቧ ቆማለች።

«አዩ? የሚፈስ ነገር የለም!» አለች መምህርቷ።

«ፈረቃችሁ መቼ ነው?»

«በሦስት ቀን አንዴ፤ እሱም ሌሊት። እንቅልፍ ላይ ሆነን ነው ሮቶው የሚሞላው።»

«ስለዚህ ኮከቧ አሁን ብትቆም አያስገርምም፤ መስመሩ ባዶ ነው።» ሽማግሌው ወደ ቤቱ ጣሪያ ቀና አሉ። ጥቁሩ ሮቶ ከኋላው ግድግዳ በላይ በብረት ማማ ላይ ተቀምጧል። «ከቤቱ ኋላ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

«ጠባብ ናት፤ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? የጎረቤት ፍየል ነች እዚያ እየገባች ያስቸገረችን። ሦስት ጊዜ አባረርኳት፤ ተመልሳ ትገባለች።»

ሽማግሌው ዝም ብለው አዩዋት። የፍየል ነገር ከልጅነታቸው ያውቃሉ። በሚያዝያ፣ መሬቱ ሁሉ እንደ አመድ በነጣበት ወር፣ ፍየል የምትመላለስበት ቦታ ያለ ምክንያት አይመረጥም።

ሁለቱም ግድግዳውን ታክከው ወደ ኋላ ዞሩ። ከሮቶው የሚወርደው የትርፍ ውሃ ማውጫ ቱቦ በሚያርፍበት ቦታ መሬቱ ጠቁሯል፤ ከዚያ አንሥቶ እስከ አጥሩ ድረስ ሳሩ ለምልሟል። መምህርቷ ጎንበስ ብላ በእጇ ነካችው። እርጥብ ነው።

ጎረቤት ወጣት መሰላል አምጥቶ ወደ ሮቶው ወጣ። ውሃው ሞልቶ ሲነሣ አብሮ እየተነሣ መግቢያውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል፤ ከብዶም ሰጥሟል። መግቢያው አልተዘጋም። በየፈረቃው ሌሊት ሮቶው ከሞላ በኋላ ውሃው እስኪቋረጥ ድረስ በኋላ በኩል ሲፈስ አድሯል። የቤቱ ሰዎች ሲነሡ የሚያዩት ሞልቶ የጠበቃቸውን ሮቶ ብቻ ነው።

«ሽንት ቤታቸው ባለ ገንዳ ለሆነም ነገሩ ያው ነው» አሉ ሽማግሌው። «ገንዳው ውስጥ ትንሽ ቀለም ጨምረሽ ሳትለቂው ግማሽ ሰዓት ትጠብቂያለሽ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ውስጡ ያለው ጎማ ያፈስሳል። እንዲህ ያለ ፍሳሽ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ በቀን ብዙ መቶ ሊትር ይወስዳል። በሰከንድ አንዴ የሚንጠባጠብ ቧንቧ እንኳ በዓመት ከ11,000 ሊትር በላይ ያፈስሳል፤ ከ550 ጀሪካን በላይ ነው።»

መምህርቷ ጥላው ሥር ተቀመጠች። አንድ ነገር ግን አልገባትም። «ውሃው አምስት እጥፍ ነው የጨመረው፤ ብሩ ለምን ስምንት ዘጠኝ እጥፍ ሆነ?»

ሽማግሌው በከዘራቸው ጫፍ አፈሩ ላይ ይጽፉላት ጀመር። የከተማ ውሃ ታሪፍ በእርከን ነው የሚሰላው፤ የመጀመሪያዎቹ ሜትር ኩቦች ርካሽ ናቸው፣ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ዋጋም ከፍ ይላል። ትክክለኛው ዋጋ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ ለማስረዳት ያህል የመጀመሪያዎቹ 5 ሜትር ኩቦች በ10 ብር፣ ቀጣዮቹ 5 በ15 ብር፣ ከዚያ በላይ ያለው በ20 ብር ይሁን አሏት። 6 ሜትር ኩብ የተጠቀመ 65 ብር ይከፍላል። 31 የተጠቀመ ግን 50፣ 75 እና 420 ተደምሮ 545 ብር ይደርስበታል፤ ከስምንት እጥፍ በላይ ነው። በዚህ ላይ በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 የተሻሻለው የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። መኖሪያ ቤት በወር እስከ 15 ሜትር ኩብ ድረስ ከዚህ ታክስ ነፃ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሲጠቀም 15 በመቶው ይመጣበታል። የፈሰሰው ውሃ ቤተሰቡን ወደ ብዙ ተጠቃሚዎች እርከን አውጥቶታል።

«ታዲያ ያልጠጣነውን ልንከፍል ነው?»

«እውነቱን ልንገርሽ። ከቆጣሪው ወዲያ፣ በመንገዱ በኩል የፈሰሰ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ከቆጣሪው ወዲህ የፈሰሰ የባለቤቱ ነው። ‹አልከፍልም› ማለት ዕዳውን አያጠፋውም፤ ቅጣትና መቆረጥ ሊጨምርበት ይችላል። ይልቅ ዛሬውኑ ኳሱን ቀይሩ። የተሰነጠቀውን አትጣሉት፤ ከነፎቶው፣ ከበፊት ቢሎችሽ ጋር ያዢውና ማመልከቻ ጻፊ። ብልሽቱ መቼ እንደተገኘና እንደተጠገነ ግለጪ፤ በየወሩ ከፋፍለሽ እንድትከፍይ ጠይቂ። ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርጊ። የሚፈቀድ ነው ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ሳይጠይቁ ግን የሚያገኙት የለም።»

«ስሕተቱ የእነሱ ቢሆን ኖሮስ?»

«ያኔም መጀመሪያው እዚያው ቢሮ ነው፤ ቀጥሎ ኃላፊው፣ ከዚያ በላይ የውሃ አገልግሎቱ ቦርድ። በደሉ ካልታረመ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተፈጸመ የአስተዳደር በደልን ይመረምራል። የትም ብትሄጂ ግን የሚጠይቁሽ ንባብና ቀን ነው።»

ፀሐይዋ ከፍ አለች። ፍየሏ እንደገና በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች፤ በዚህ ጊዜ ያባረራት የለም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳሩ ላይ እንደጣሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እኔን የሚያንገበግበኝ ብሩ አይደለም» አሉ። «በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.፣ ለገጠር ሰው የታሰበው ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር፤ እሱም በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ። ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሕዝብ ላለው ከተማ ደግሞ 50 ሊትር። ኬፕ ታውን እ.ኤ.አ. በ2018 በድርቅ ተጨንቃ ለነዋሪዋ በቀን 50 ሊትር ስትገድብ ዓለም ሁሉ ተነጋገረበት። ለእነሱ የጭንቅ ቀን መጠን የሆነው ለእኛ የዕቅድ ግብ ነበር።»

መምህርቷ ራሷ ሂሳቡን ያዘች። በወሩ የፈሰሰው 25,000 ሊትር ነው። በቀን 25 ሊትር ለአንድ ሰው ከተባለ ለ33 ሰዎች አንድ ወር ሙሉ ይበቃ ነበር። አያቷ የሚኖሩት አበርገሌ ቆላ ውስጥ ነው፤ በበጋ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ዳገት ይወጣሉ። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሲታወጅ ንጹሕ ውሃም ከምግቡ ጋር አብሮ የተነሣው ያለ ነገር እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ክፍሏ ውስጥ ውሃ ቀድተው አርፍደው የሚመጡ ልጆች አሏት። ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

የዚያኑ ቀን ኳሱ ተቀየረ። በሚቀጥለው ፈረቃ ሌሊት ባልና ሚስት የስልክ መብራት ይዘው ቆጣሪው አጠገብ ቆሙ። ኮከቧ ስትፈጥን፣ ስትዘገይ፣ ሮቶው ሲሞላም ቀጥ ስትል አዩ። በበሩ ጀርባ የሰቀሉት ደብተር ላይ ቀኑንና ንባቡን ጻፉ፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሁድ ይጽፋሉ።

ከወር በኋላ መምህርቷ አዲሱን ቢል ይዛ ወደ ሽማግሌው ግቢ ስትመጣ ከጓሮዋ ያለው ሳር ደርቋል፤ ፍየሏም መምጣት ትታለች። ሽማግሌው ቀፏቸውን ዛፍ ላይ ሰቅለው ለንቦቹ በሰፊ ሣህን ውሃ እያኖሩ ነበር። ሣህኑን አስቀምጠው ቀና አሉ።

«ስንት?» አሏት።

«ሦስት መቶ ሃምሳ ጀሪካን» አለች፤ ወረቀቱንም አልዘረጋችውም።